የታችኛው ድምፅ

ስሙ ላንቃሞ ነው፤ ላንቃ አለ በስሙ፣
አባቱ ሲያወጡት መች ይህን አለሙ።
ሀዋሳ ጨርቃ ጨርቅ አብረን ነው የገባን፣
በአንድ ወንበር ምሳ፣ በአንድ ሰርቪስ የባጀን።
እኔ ሽመና ላይ፣ እሱ ቀለም ሲነክር፤
ምን እንደነበረ በርሜሉ ይመስክር፦
«ሳሙና አቀብለኝ» ሲል ቆርቆሮው ያገሳል፣
ፎርማኑ ደንግጦ ሻዩን ያፈሳል።

ቡልጋሪያ ላኩት፣ ቀለም እንዲማር፣
ሁለት ዓመት ብለው።
የላከው መንግሥትና የተቀበለው መንግሥት
ብዙም ሳይራራቁ ወደቁ፤
ላንቃሞ በመሐል ቀረ፣
አንድ ሻንጣ፣ አንድ ካፖርት፣
ቀለቡ የተቋረጠ ተማሪ።
በማደሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ
«ሙቅ ውሃ የት ገባ?» ብሎ ሲጮኽ
አንዲት አሮጊት የሙዚቃ መምህርት ሰማችው።
«ልጄ» አለችው፣ «ጉሮሮህ ውስጥ
ማን ነው የሚኖረው?»

ሃያ ሦስት ዓመት ቫርና፣ ኦፔራ ቤት።
በሃያ ሰባት ዓመቱ ነጭ ጢም ተለጠፈለት፤
ንጉሥ ሆነ፣ መቃብር ቆፋሪ ሆነ፣
ሰይጣን ሆነ፣ ሁለት ጊዜ በአንድ ሳምንት፣
ልጁን አልድርም ያለ አባት ሆነ።
ፍቅረኛው ሌላ ነው፣ ድምፀ ቀጭኑ ሰው፣
አበባው የዚያ ነው፣ መሳሙም የዚያ ነው።
ላንቃሞ ከኋላ፣ ከጥላው ተጠግቶ
የሌላውን ዜማ ይሸከማል ከቶ፤
ጣሪያውን ሲያደንቅ ቤት የገባ እንግዳ
ማን መሠረት ያያል ከምድር የተቀዳ?

አንዱን ሲያወራ ግን ይስቃል።
የሀበሻ ንጉሥ ተማርኮ የሚመጣበት ተውኔት ነበረ፤
ንጉሡን የአገሩ ልጅ፣
ፊቱን ቡናማ ተቀብቶ ተጫወተው።
«እኔ እውነተኛው ሀበሻ» ይላል፣
«ድምፄ ከንጉሡ ስለሚወርድ
ወርቅ ቀቡኝና
የጠላት ካህን ሆኜ ፈረድኩበት።»

ውሉ ሲያልቅ መጣ። ሐይቅ ዳር አንድ ክፍል ተከራየ።
በእህቱ ልጅ ሠርግ «ዝፈን» አሉት፣ ማይክ ሰጡት፤
ማይኩን መለሰ።
ከእምብርቱ ሥር አንድ ረጅም ነገር አወጣ፣
ሕፃናት አለቀሱ፣ የሙሽራዋ እናት አማተቡ፣
ዲጄው ጠጋ ብሎ፦ «ጋሼ፣ ይሄ የለቅሶ ነው?»
ከዚያ ወዲያ ለማንም አልዘፈነም።

የእኔን ጆሮ ደግሞ መኪናው በላው።
ሠላሳ አራት ዓመት ካለ ጥጥ፣ ካለ መከላከያ።
ሐኪሟ ወረቀት ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር አሳየችኝ፦
«ቀጭኑ ሄዷል፤ ወፍራሙ ቀርቶልሃል።»
ቀጭኑ ማለት ወፍ ነው።
የባጃጅ ጥሩምባ ነው።
የልጅ ልጄ «አባባ» የምትልበት ነው።
የሚስቴ ቁጣም ነው፤ እሱስ ይሂድ።

አመሻሹ ላይ ግን፣ አሞራ ገደል ዳር፣
አንዲት የተደፋች ጀልባ አለች ከሣር፤
ከጀርባዋ ወጥተን እንቀመጣለን፣
አባ ኮዳ ለዓሣ ሲጋፋ እያየን።
እሱ ይጀምራል፣ ሳይቆም፣ ሳይመካ፤
በጆሮዬ አይደለም የምሰማው ለካ፣
በመቀመጫዬ፣ በጣውላው፣ በጎኔ፣
ከደረቱ ወደ እንጨት፣ ከእንጨት ወደ እኔ።

ወፎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ አያለሁ፤ ባዶ ነው።
እሱ ግን ሙሉ ነው፣
በማላውቀው ቋንቋ፣ ፊደል ሳይጎድል።

ትናንት ወረደ፣ ወረደ፣
ከዚህ በታች የለም ባልኩበት
አንድ ደረጃ ጨመረ።
ሲጨርስ አላጨበጨብኩም።
ጀልባዋን በጣቴ ሁለቴ መታሁ፣
እንደ በር።

«አቤት» አለ።